ድምፅ የሌላት ፊደል

ዶኛ ግራሲዬላ ማክሰኞ ደውለው አያውቁም። የሳቸው ቀን ሐሙስ ነው፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አሥራ አንድ እናቶች ስልካቸውን ከስኳር ዕቃ ወይም ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ ጋር አስደግፈው፣ ልጆቻቸውን ታቅፈው፣ ስክሪኑ ላይ በትንንሽ ሳጥን ተደርድረው ይጠብቋቸዋል። ስለዚህ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የሴትየዋ ፎቶ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ኦቲሊያ ደነገጠች።

ከወለደች ሠላሳ ስድስተኛ ቀኗ ነበር። ራሷን በሻሽ ጠፍራ፣ ወገቧን በሰፊ መቀነት ታስራ፣ ብርድ እንዳይገባት ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ ተቀምጣለች። ባሏ ኤልቪን ጣራ ሊሠራ ከመውጣቱ በፊት ያደረቀላት የበቆሎ ቂጣና ደረቅ አይብ ከፊቷ ነው። በሀገሯ በሆንዱራስ፣ በኢንቲቡካ ቢሆን ይህን ሁሉ የምታደርግላት እናቷ ነበረች። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግን እናትየዋ በስልክ እየመራች፣ ባልየው ቂጣውን እያሳረረ፣ እንደምንም ሠላሳ ስድስት ላይ ደርሰዋል። አርባው እስኪሞላ አራት ቀን ቀርቷል።

ከአንድ ጆሮዋ ጥጡን አውጥታ ስልኩን አነሳች።

«ኦቲሊያ፣ የኔ እናት፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ከልጄ ጋር ነኝ።»

«ሕፃኗ ደህና ናት?»

«ጠግባ ተኝታለች።»

«አንቺስ?»

«እኔም ደህና ነኝ፣ ዶኛ ግራሲዬላ።»

ሁሉም «ዶኛ»፣ እትዬ እንደማለት፣ የሚሏቸው ግራሲዬላ የኤል ሳልቫዶር ሰው ናቸው። አራት ልጆች እዚሁ ወልደው አሳድገዋል፤ አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን በስልክ እየሰበሰቡ፣ የወለደች ሴት ሐዘን ውስጥ ከመስጠሟ በፊት እጇን የሚይዝላት እንድታገኝ ያግዛሉ። ነገር የሚያንጠለጥሉ ሰው አልነበሩም።

«ትናንት የሞላሽውን መጠይቅ አይቼ ነው የደወልኩት» አሉ። «አሥረኛው ላይ፣ ራሴን ለመጉዳት ብዙ ጊዜ አስባለሁ ብለሽ መልሰሻል።»

ኦቲሊያ የያዘችውን ቂጣ መልሳ አስቀመጠች።

መጠይቁን ታውቀዋለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ቡድኑን ስትቀላቀል ዶኛ ግራሲዬላ ራሳቸው በስልክ አንብበውላት ነበር። አሥር ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አራት መልስ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንደ ድሮሽ ትስቂያለሽ ወይ የሚል ነው፤ ከመልሶቹ መጀመሪያ የተነበበላት «አዎ፣ እንደ ድሮዬ» የሚል ነበር። ያ በአእምሮዋ ቀረ። ትናንት ያው መጠይቅ በሊንክ ተልኮ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የሚንቀሳቀሰው ጽሕፈት ዓይኗ ላይ ሲደረደርባት፣ ደህናው መልስ ከላይ ያለው ነው ብላ ወሰነች። አሥሩንም ከላይ ከላይ ተጫነች። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ስትጨርስም ደስ ብሏት ነበር። ከአራተኛው በኋላ መልሶቹ እንደሚገለበጡ፣ የከፋው ወደ ላይ፣ የተሻለው ወደ ታች እንደሚሄድ በምን ታውቃለች?

ኦቲሊያ ማንበብ አትችልም። ከመውለዷ በፊት ማክሰኞ ማክሰኞ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሁለት ወር ተምራ ስሟን መጻፍ፣ አጫጭር ቃላትን በጣቷ እየተከተለች መፍታት ጀምራለች። ከዚያ ትምህርት ያናደዳት አንድ ነገር ነበር፤ በቋንቋቸው በስፓኒሽ የምትጻፍ እንጂ የማትነበብ አንዲት ፊደል አለች። ድምፅ ከሌላት ምን ትሠራለች ብላ ጠይቃ፣ መምህሯ «ዝም ብትልም አለች፣ ከዘለልሻት ቃሉ ይጎድላል» ብላ መልሳላታለች። ኦቲሊያ አልተዋጠላትም።

ከኤልቪንና ከዚያች መምህር በቀር ይህን ጉድለቷን የሚያውቅ የለም። ሱቅ ውስጥም ክሊኒክም ወረቀት ሲሰጧት መነጽሬን ረሳሁ ትላለች፤ መነጽር ኖሯት ግን አያውቅም። በቡድኑ ዋትስአፕ ላይ የድምፅ መልእክት ከሆነ ታዳምጣለች፣ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ልብም ይሁን አበባ ወይም የሚያጨበጭብ እጅ፣ የመጣላትን ትንሽ ምስል ትልካለች። ይህም እስከ ዛሬ አላጋለጣትም።

አሁን ሁለት መንገድ ታያት። ማንበብ አልችልም ብትል፣ የልጇን መድኃኒት ብልቃጥ እንኳ የማታነብ እናት መሆኗ ሊታወቅ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ራሷን ልትጎዳ የምታስብ ሴት ሆና ልትቀር ነው። የሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ስሟ የማይታወቅ የአንዲት ሴት ወሬ ይዞራል፤ ክሊኒክ ሄዳ አለቅሳለሁ ብትል ፋይል የያዙ ሁለት ሴቶች መጥተው ልጇን ወሰዱባት ይባላል። ሴትየዋን ያየ የለም፤ ወሬውን ያልሰማ ግን የለም።

ኦቲሊያ ወደ ሕፃኗ ዞራ አየች። ከክፉ ዓይን እንዲጠብቃት የታሰረላት ቀይ ክር አንጓዋ ላይ ላልቷል።

«ዶኛ ግራሲዬላ» አለች፣ «እኔ ማንበብ አልችልም። ከላይ ያለውን ነው የተጫንኩት። አሥሩንም።»

ሴትየዋ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። አሥረኛውን ጥያቄ አስቀድመው በቃል ጠየቋት፤ እሷም እግዜር ይጠብቀኝ፣ በፍጹም አለች። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ጠየቋት። ድባቴ ይሰማሻል ወይ ሲሏት አይሰማኝም አለች። ሐዘንተኛ ነሽ ወይ ሲሏት ማን ሞቶብኝ አለች። ሊዘጉ ሲሉ ግን ሌላ የምትነግሪኝ አለ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ያን ጊዜ ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

«ብቻ ራሴን አላገኘሁትም።»

ያለችው በስፓኒሽ ነበር፤ «ሜ አዮ» ማለት በሀገሯ ተገኝቻለሁ፣ ራሴን አግኝቼዋለሁ ማለት ነው። ወደ ሌላ ጓሮ የተወሰደች ዶሮ ጥሬው ተበትኖላት ጥግ ይዛ ስትቆም፣ ራሷን አላገኘችም ይባላል። ያገባች ልጅ ከአማቷ ቤት መንገድ መንገዱን ስታይ እንዲሁ ይባላል። ለማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሰው በግልጽ፣ በገበያ መካከል ይለዋል።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ ዶኛ ግራሲዬላ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ከመጣን ጀምሮ። ከወለድኩ ወዲህ ደግሞ ባሰ። ልጄን ጡት አጠባታለሁ፣ ገላዋን አጥባታለሁ፣ እስቅላታለሁ፤ ግን ይህን የምታደርገው ሌላ ሴት ናት። እኔ የትም የለሁም።»

ዶኛ ግራሲዬላ ለረጅም ጊዜ ጻፉ። እስክሪብቶው ሲፋቅ ይሰማል። ከዚያ ለአርብ ከቡድኑ ነርስ ጋር ቀጠሮ ያዙላት፤ የምትሄደው ልጇን ይዛ እንደሆነ፣ ይዛትም እንደምትመለስ ሁለቴ ነገሯት። በመጨረሻ አንድ ነገር ለመኗት። ይህን የነገርሽኝን ሐሙስ ለሴቶቹ ትነግሪያቸዋለሽ ወይ? ኦቲሊያ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ራሴን አላገኘሁትም ያለችውን ከሆነ ግድ የላትም፤ ግን ነገሩ እንዴት እንደተነሳ ሲጠይቁ አለማንበቧ ይወጣል። የሰው መሳቂያ አያድርጉኝ አለች። ዶኛ ግራሲዬላም ከሳቸው አፍ እንደማይወጣ ቃል ሰጧት።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ በሩ። ኖሄሚ እንደ ልማዷ ቀድማ ገብታለች። የጓቲማላ ልጅ ናት፣ የአሁኑ ሁለተኛ ልጇ ነው፣ አፏ አያርፍም። የኦቲሊያን ሻሽ አይታ «ዛሬም አልተፈታሽም እንዴ፣ ቆንጆ? ኤልቪን ጠፍሮሽ ነው የሚወጣው?» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ።

ዶኛ ግራሲዬላ ሁሌም የሚጀምሩት እያንዳንዷ እንዴት እንዳደረች በማስነገር ነው። ተራው ዴልሚ ጋ ደረሰ። ዴልሚ ካሜራ ከፍታ አታውቅም። እንደ ኦቲሊያ ሆንዱራሳዊት ናት፣ የአምስት ወር ወንድ ልጅ አላት፣ የሚታየው ግን ጥቁር ሳጥንና የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው። ኦቲሊያ ያቺን ፊደል ታውቃታለች፤ ከተማረቻቸው አንዷ ናት። ዴልሚ አትናገርም፣ ትጽፋለች፤ ዶኛ ግራሲዬላ ያነቡላታል። ዛሬም አነበቡላት።

«ዴልሚ ሁሉ ደህና ነው ብላለች። አበባም ልካለች።»

ግን ዛሬ ዴልሚ ድምፁን መዝጋት ረስታ ነበር። ከሩቅ፣ ከተዘጋ በር በስተጀርባ እንደሚመጣ፣ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። አጭር አልነበረም። ሴቶቹ እያወሩ ልቅሶው ቀጠለ። አንዷ ስለ ሆድ ቁርጠት ጠይቃ፣ ዶኛ ግራሲዬላ መልሰው ጨረሱ፤ አሁንም ይሰማል። የኦቲሊያ ወተት መጥቶ ሸሚዟን አራሰው። ኖሄሚም ክንዷን ደረቷ ላይ ስትጫን ኦቲሊያ አየቻት።

«ዴልሚ፣ የኔ እናት፣ ልጁ ነው?» አሉ ዶኛ ግራሲዬላ።

ትንሽ ቆይቶ ጽሑፍ መጣ። ዶኛ ግራሲዬላም አነበቡት። «ቴሌቪዥን ነው» ይላል። ወዲያው ድምፁ ተዘጋ።

ዶኛ ግራሲዬላ ወረቀታቸውን አገላበጡ። ኦቲሊያ ፊታቸውን እያየች ምን እንደሚፈልጉ ገባት። የዴልሚን መጠይቅ ነው። ደግሞም ሁሉ ደህና የሚል እንደሚያገኙ ታወቃት። ዴልሚ ማንበብ ስለምትችል የትኛው መልስ ሰው እንደማያስደውል አጣርታ ታውቃለች።

ቴሌቪዥን ነው። መነጽሬን ረሳሁ። ኦቲሊያ ይህን ዓይነት አነጋገር ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሰው እንዳይቀርብ በር ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ድንጋይ ነው። ደግሞም ያን ድንጋይ ዶኛ ግራሲዬላ ቢገፉት ዴልሚ ስልኩን ትዘጋለች፤ ከዚያ ያ ልጅ እያለቀሰ ይቀራል። ጥጡን ከሁለቱም ጆሮዋ አወጣች።

«እኔ አንድ ነገር ልናገር» አለች።

ዶኛ ግራሲዬላ ቀና አሉ። ተናገሪም አትናገሪም አላሏትም።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለች ኦቲሊያ። «እናንተ የምትጽፉትን አንዱንም አንብቤ አላውቅም። መጠይቁንም ከላይ ከላይ ተጫንኩት። ራሷን ልትገድል ነው ብለው ዶኛ ግራሲዬላ ማክሰኞ ደወሉልኝ፤ እኔ ቂጣ እየበላሁ ነበር።»

ኦቲሊያ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። ከዚያ የኖሄሚ ድምፅ መጣ።

«ቆይ፣ ቆይ። እንግዲያ እኔ ወተቴ ደረቀ ብዬ ስጽፍ ያጨበጨብሽልኝ ለዚህ ነው?»

«አጨብጭቤልሻለሁ?»

«ሦስት ጊዜ ነዋ! እኔ ደግሞ ይቺ የኢንቲቡካ ሴት ምን አድርጌያት ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ቂም ይዤ።»

ሳቁ ከሳጥን ሳጥን ዘለለ። ሕፃናት ባነኑ። ኦቲሊያም ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ሳቁ ሳይበርድ ግን ቀጠለች፤ ቢበርድ እንደማትደፍር አውቃለች።

«መጠይቁ ድባቴ አለሽ ወይ ይላል። እኔ ድባቴ የሚባለውን አላውቀውም። የለብኝም አልኩ። ግን ራሴን አላገኘሁትም። ከወለድኩ ጀምሮ የለሁም። ይህን የጠየቀኝ ግን የለም።»

ኖሄሚ መሳቋን ተወች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔም» አለች ቀስ ብላ። «ከመጀመሪያው ልጅ ጀምሮ። ሰው ማሳቅ የጀመርኩት ያኔ ነው።» ከላይኛው ሳጥን ያለችው ሌላዋ ደግሞ ራሷን ነቀነቀች። ከሷ አጠገብ ያለችው «እኔም» አለች። ዶኛ ግራሲዬላ አልጻፉም፣ አላቋረጡም።

ያን ጊዜ ጥቁሩ ሳጥን በራ።

ዴልሚ ከጠበቋት በላይ ልጅ ነበረች። ፀጉሯ ከተበጠረ ሰንብቷል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ድምፁን ከፈተችው። ልቅሶው እንደገና ገባ።

«እኔ ማንበብ እችላለሁ» አለች። «አንብቤ ነው የዋሸሁት። ልጄ ሌላው ክፍል ነው። ካቀፍኩት የምጥለው ይመስለኛል። ስለዚህ አስተኝቼው በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። እኔ እናቱ አይደለሁም፣ እናቱ ገና አልመጣችም ይመስለኛል።»

ዶኛ ግራሲዬላ ቀስ ብለው ተናገሩ። ማንም እንዳልተቆጣት፣ ማንም ልጁን ሊወስድባት እንደማይመጣ፣ ይህ ነገር ስም ያለውና የሚድን መሆኑን ነገሯት። ልጁን ልትጎዳው አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው በግልጽ ጠየቋት። «በጭራሽ» አለች፣ «ፍርሃቱ ነው የገደለኝ።» ከዚያ ኦቲሊያ ማንንም ሳታስፈቅድ ገባች።

«ዴልሚ፣ እህቴ፣ ሂጂ አምጪው። መሬት ላይ ተቀምጠሽ እቀፊው፤ ከመሬት ወዴት ይወድቃል? እኛ እዚሁ ነን። ስልኩን አንዘጋም።»

ዴልሚ ተነሳች። ባዶ ወንበር ታየ። አሥር ሴቶች ባዶ ወንበር እያዩ ጠበቁ። በር ሲከፈት ሰሙ። ልቅሶው ጮክ አለ፣ ቀረበ፣ ሳግ ሆነ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከወንበሩ በታች፣ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ፣ የዴልሚ ግንባርና የልጁ ትንሽ ተረከዝ ብቻ ይታያል።

ከስምንት ሰዓት በፊት ነርሷ ዴልሚ ቤት ደርሳ ነበር፤ ኖሄሚም በአውቶቡስ ሦስት ፌርማታ ርቃ ትኖር ነበርና የዶሮ ሾርባ በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ልጁን ማንም አልወሰደባትም። የሐኪም ክትትል ጀመረች፣ መድኃኒትም ሰጧት፤ አክስቷ ከሌላ ከተማ መጥታ ሁለት ወር አብራት ተቀመጠች። የኦቲሊያም የአርብ ቀጠሮ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ከነርሷ ጋር በየሳምንቱ መነጋገር ቀጠለች። አርባዋ ሲሞላ መቀነቱን ፈታች፣ ልጇን ታቅፋ ማክሰኞ ወደ ምድር ቤቱ ትምህርት ተመለሰች።

ዶኛ ግራሲዬላ እንደገና የደወሉት ያኔ ነው። አዲስ ዘጠኝ ሴቶች እየተመዘገቡ ነበር። ዋናው መጠይቅ አይነካም፣ ሐኪሞቹ የሚያውቁት እሱን ነው አሉ፤ ግን ከሱ በፊት ሴቶቹ በጆሮ የሚሰሙት፣ በራሳቸው አነጋገር የተጠየቀ ሌላ አሥር ጥያቄ ይፈልጋሉ። የሚያነበውም ድምፅ የኦቲሊያ እንዲሆን ይፈልጋሉ።

ኦቲሊያ በቃሏ ልትለው ትችል ነበር። በቃሌ አይደለም፣ ጽፌ ነው አለች።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ልጅቷ ስትተኛ፣ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ጻፈች። አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ ቀደደችው። የመጀመሪያው እንዲህ ነበር፦ «በዚህ ሳምንት ራስሽን አገኘሽው ወይ?» ስትጨርስ ገጹን ፎቶ አንስታ ለመምህሯ ላከች። መምህሯ ከዚያ ሁሉ ጽሕፈት አንድ ቃል ብቻ አክብባ መለሰችላት። ከ«ሜ አዮ» የወጣው «አገኘሽው» የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ያቺ ድምፅ የሌላት ፊደል ቀርታለች።

ኦቲሊያ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየችው። ማንም አይሰማትም፤ ድምፅ ሲቀረጽ ብትኖርም ባትኖርም ለውጥ የለውም። ግን እስክሪብቶዋን አንስታ ከቃሉ ፊት፣ በጠባቡ ቦታ ላይ፣ ፊደሏን አስገባቻት። በደንብ አድምቃ ጻፈቻት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቀረጸችው። ኤልቪን ከሥራ ገብቶ በሩ ላይ ጫማውን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ እንዳይሰማበት ብሎ አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀሰም። አሥረኛውን አንብባ ስትጨርስ፣ ቂጣ ላሙቅልሽ ወይ አላት። ማታ ለእናቷ ኢንቲቡካ አሰሟት። እናትየዋ እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ ይቺ የምታነበው አስተማሪ ማን ናት፣ አነጋገሯ የኛን ሀገር ይመስላል አለች። ኦቲሊያ ስልኩን ለኤልቪን ሰጠችው።

ለአዲሶቹ ዘጠኝ ሴቶች ከመላኩ በፊት ግን ቀረጻውን ለአንድ ሰው ልካ ነበር። መልሱ እሑድ ጠዋት መጣ። ጽሑፍ አልነበረም፣ አበባም የለበትም። ዴልሚ በድምፅ ነው የላከችው፤ ከኋላዋ ልጁ ከምግቡ ጋር ሲታገል፣ ማንኪያ ሲወድቅ ይሰማል።

«ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፣ ኦቲሊያ» አለች። «ማክሰኞ አልተገኘሁም። ረቡዕም የለሁም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን፣ ይህ ባለጌ ሾርባውን ፊቴ ላይ ሲደፋው፣ ስቄ ስነሳ፣ ተገኘሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል። ጻፊልኝ።»

ኦቲሊያ ደብተሯን ሳበች፤ ከመጀመሪያው ጥያቄ በታች ቀኑን ጻፈች፣ የዴልሚን ስም በሙሉ ጻፈች፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ብላ ጻፈች።